አስተርጓሚው ያልጠየቀው

አያና ጎንደር ውስጥ ከረባት አስረው ሥራ ከሚገቡት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር። ይህን ሳያይለት የሚቀር ሰው እንዳይኖር ስለሚሰጋ አራዳን ሲያቋርጥ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለ ነው የሚራመደው። በብብቱ የሚያቅፋት ጥቁር ቦርሳ አለች። ውስጧ ከምሳው ቆሎና ከአንድ መሐረብ በቀር ምንም የለም፤ ቢሆንም ቦርሳ ያልያዘ አስተርጓሚን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል?

የአዲ አርቃይ ልጅ ነው። ጣሊያኖች የሊማሊሞን መንገድ ሲያወጡ ድንጋይ ተሸክሞላቸዋል፤ ከዚያ ሥራ የተረፈው ስድባቸው ብቻ ነበር፤ እሱን ግን አጥርቶ ያዘ። ጣሊያን ሲባረር ደግሞ የእንግሊዝን ጦር ተከትሎ አስመራ ድረስ ሄደ፤ እዚያ ወጥ ቤት ሲያገለግል እንግሊዝኛ ለቃቀመ። ትምህርቱ ከወጥ ቤት ስለሆነ ጉበትን፣ ኩላሊትን፣ አንጀትንና ሳንባን በእንግሊዝኛ ያወቃቸው በበግ ነው። በኋላ ወደ ሰው ሲሻገር ብዙም አልተቸገረም።

ጎንደር ላይ የጤና ትምህርት ቤት ሲከፈት ከውጭ አገር ሐኪሞች መጡ። ሐኪሞቹ የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ በሽተኛው የሚያቃስተው በአማርኛ ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ሰው መቆም ነበረበት፤ አያና ቆመ። መቆም ብቻ አይደለም፣ ቦታው የአባቱ ርስት እስኪመስል ድረስ ተንሰራፋበት።

ትምህርቱ እንዲህ ነበር። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎች "ረጅሙ ዶክተር" እያሉ የሚጠሩት ሐኪም በሩ እንዳይመታው ጎንበስ ብሎ ወደ ሕሙማን ክፍል ይገባል። ነጭ ካፖርት የለበሱ ተማሪዎች ይከተሉታል። ሲጨርሱ ጤና መኮንን ተብለው፣ ሐኪም የሚባል ነገር ታይቶ ወደማይታወቅበት አውራጃ የሚላኩ ልጆች ናቸው። ዶክተሩ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ አያና ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ በሽተኛው ያወራል፤ አያና ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል፤ ተማሪው ይጽፋል። አንድ የሚያስቅ ነገር ነበረው። ተማሪዎቹ ከሸዋም ከጎጃምም ከወሎም ከዚያው ከበጌምድርም የመጡ፣ አማርኛ አፋቸውን የፈቱበት ልጆች ናቸው። በሽተኛው በገዛ ቋንቋቸው ሲናገር ግን እጃቸውን አጣጥፈው ጣሪያ ያያሉ፤ ነገሩ በአያና አፍ እንግሊዝኛ ሆኖ ሲወጣ ያን ጊዜ እርሳስ ያነሳሉ። ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። ፈታኙ ዶክተሩ ነው፤ ዶክተሩ የሚያውቀው አያና የነገረውን ብቻ ነው። በሽተኛው ያለውን የጻፈ ይወድቃል፣ አያና ያለውን የጻፈ ያልፋል።

የአያና ችግር ይሉኝታ ነበር። ለክፋት ታስቦ አንዲት ቃል አላጣመመም፤ ሰው እንዳይቀየም፣ እንግዳ እንዳያፍር፣ ሽማግሌ እንዳይደፈር ብሎ ነው ያጣመመውን ሁሉ ያጣመመ። የማክሰኝት ገበሬ "ይኸ ፈረንጅ እጁ በረዶ ነው፣ በብርድ ሊገለኝ ነው" ሲል፣ አያና "እግዜር ይስጥልኝ ይላል" ብሎ ለዶክተሩ ይነግራል። ዶክተሩ አንድን ሽማግሌ ቄስ በወጣትነታቸው ከሴት የሚመጣ በሽታ ይዟቸው እንደሆነ ሲጠይቅ፣ አያና ከወገቡ ጎንበስ ብሎ "አባታችን፣ ከልጅነትዎ ጀምሮ ጤናዎ እንዴት ነበር?" ይላል። "ተመስገን፣ ደህና ነበርኩ" ይላሉ። "በጭራሽ አልያዘኝም ይላሉ" ይላል አያና፣ ከረባቱን እያስተካከለ።

ሴት በሽተኛ ስትመጣ ደግሞ የባሰ ነው። ዶክተሩ አንዲት የማትቀር ጥያቄ አለችው፤ የወር አበባዋ በጊዜው ይመጣል ወይ? ያን ሁሉ ጎረምሳ አሰልፎ የሰው ሚስት እንዲህ ትጠየቅ? አያና ይህን ከሚያደርግ የሊማሊሞን ድንጋይ እንደገና ቢሸከም ይመርጣል። ስለዚህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ "ቤተሰብ ደህና ነው?" ይላል። ሴቲቱም የትም አገር እንደሚባለው "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። "በጊዜው ይመጣል ትላለች" ይላል አያና። በሦስት ዓመት ውስጥ እዚያ አልጋ ላይ የተኛች ሴት ሁሉ የወር አበባዋ እንደ ሰዓት ትክክል ሆነ። ዶክተሩ ተደንቆ የደጋው አየር ይሆናል ብሎ ለተማሪዎቹ አስተምሯል። ተማሪዎቹ እርስ በርስ በክርን እየተጎሻሸሙ ያንንም ጻፉ።

ይህ ሁሉ ታየች የምትባል ሴት እስክትመጣ ድረስ ማንንም የጎዳ አይመስልም ነበር።

ታየች ከዳባት ወዲያ ካለ መንደር ክንዱ የሚባል ባሏ በበቅሎ አሳፍሮ ያመጣት ወጣት ናት። ምግብ አልረጋላት ብሏል፣ ታቅለሸልሻለች፣ ከስታለች፣ ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ጥሬ ሥጋ ትበላለች ወይ ተብላ ስትጠየቅ "ማን ይጠላል" አለች። ኮሶ የጠጣችው መቼ ነው ሲባል ከመስከረም ወዲህ እንዳልጠጣች ተናገረች። ለምርመራ እዳሪዋን እንድትሰጥበት የተሰጣትን ቆርቆሮ ግን በነጠላዋ ጠቅልላ አልጋው ሥር ደብቃ ባዶዋን መለሰቻት። ሆዷንም ቢሆን ከቀሚሷ በላይ ካልሆነ አላስነካችም። ዶክተሩ አሰበና የኮሶ ትል ነው አለ። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞረ።

"ነገ ጠዋት ትሉን ከነራሱ የሚያወርድ መድኃኒት እንሰጣታለን። እንደ ኮሶው ሁሉ ኃይለኛ መድኃኒት ነው፤ እርጉዝ ሴት ከጠጣችው ጽንሱን ሊያስወርድ ይችላል። የወር አበባዋን የጠየቅነው ለዚህ ነው። መልሷ ምን ነበር?"

"በጊዜው ይመጣል" አሉ ተማሪዎቹ አንድ ላይ። አያና ይህን ወደ አማርኛ አልመለሰውም፤ ለተማሪ የተነገረ እንጂ ለበሽተኛ የተነገረ አይደለማ።

በማግስቱ ጠዋት አያና ቦርሳውን አቅፎ ሲደርስ ክንዱ በሩ ላይ ጠበቀው። ነጠላውን አደግድጎ እጅ ነሳ።

"እንዴት አደሩ አያ። መድኃኒቱ ሸጋ ነው አሉኝ፣ እውነት ነው?"

"ሸጋ ነው። ዛሬ ትገላገላለች።"

"እፎይ። የኛማ ኮሶ አልሆናትም፣ አያ። እናቴ ወቅጣ በጥብጣ ብትሰጣት ደፋችው። ደግማ ሰጠቻት፣ ደፋችው። በዚሁ ተኳርፈው ቤቱ ሲኦል ሆነብኝ። ወጥ ሲሠራ ሸተተኝ ብላ ውጭ ትቀመጣለች። ባለፈው ደግሞ የጓዳውን ግድግዳ እየፈረፈረች ጭቃውን ስትበላ አገኘኋት። ምነው ቢሏት ትስቃለች። እንዴት ያለ ኮሶ ነው ይኸ?"

አያና የሁለት ሴት ልጆች አባት ነው። ጭቃ የሚያስበላ ምን እንደሆነ ያውቃል።

"ከተጋባችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?"

"አራት ዓመት። ልጅ ገና ነው፤ እሱ ያውቃል።"

"እሷ ምንም አልነገረችህም?"

"ምኑን?"

አያና ለባልየውም እንኳ መናገር ከበደው። በዚያ አገር እርግዝና ራሱ እስኪናገር ድረስ አይነገርም፤ ዓይን ይገባዋል። አራት ዓመት የጠበቀች ሴትማ ለገዛ ጥላዋም አትነግር። እሷ በፍርሃት አልተናገረችም፣ አያና በይሉኝታ አልጠየቀም፤ በዚህ መካከል ጽንሱ ሊወርድ ነው። አያና ቢናገር ደግሞ የሦስት ዓመት ፈጠራው ሁሉ ይወጣበታል፣ ቦታውም ይሄዳል። ከረባት አስሮ የሄደ ሰው ነገ በምን ፊቱ አራዳን ያቋርጣል?

እንደማንኛውም የተጨነቀ ሰው መጀመሪያ የሞከረው አቋራጩን ነው። ዶክተሩ መድኃኒቱን በብርጭቆ አስይዞ ሲገባ አያና ፈጠን ብሎ ተጠጋው።

"ዶክተር፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም።"

"በጣም ጥሩ" አለ ዶክተሩ። "መድኃኒቱ የሚፈልገው ባዶ ሆድ ነው።"

አያና ወደ ታየች ዞረ። ዓይኗን እያየ በቀጥታ ሊጠይቃት ቆረጠ። ተማሪዎቹ አልጋውን ከበዋል። ጉሮሮውን ጠረገና "ቤተሰብ ደህና ነው?" አላት። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለችው።

"ዶክተር፣ ባሏ አልፈቀደም" አለ አያና።

"ጥሩት።"

ክንዱ ተጠራ፤ እንደገባም ለጥ ብሎ እጅ ነሳ። መፍቀዱን ሲጠይቁት "ትጠጣ እንጂ ጌቶቼ፣ በቅሎ ተውሼ ያመጣኋት ለምን ሆነና" አለ። አያና ይህን ለማጣመም ጊዜ አላገኘም፤ ሰውየው በሁለት እጁ እየጠቆመ ነበር የሚናገረው።

ብርጭቆው ታየች እጅ ገባ። ልጅቱ አየችው። የባሏን እናት ኮሶ መድፋት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ግን የመንግሥት ነው፣ ዙሪያዋንም የቆመው ሁሉ ወንድ ነው። በግራ እጇ ሆዷን ያዝ አደረገችና ዓይኗን ጨፍና ወደ አፏ አስጠጋችው።

አያና ብርጭቆውን ከእጇ መነጨቀ። በድንጋጤ የመጣለት ቋንቋ ጣሊያንኛ ነበር፤ ምን እንዳለ ግን በኋላ ማንም ሊያስታውሰው አልቻለም። ግማሹ መድኃኒት በከረባቱ ላይ ፈሰሰ።

"አልጠየቅኳትም" አለ ወደ ዶክተሩ ዞሮ። "ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አልጠየቅኳትም። ይህች ልጅ እርጉዝ ሳትሆን አትቀርም።"

"ትናንት ምን ነበር የጠየቅሃት?"

"ቤተሰብ ደህና ነው ወይ ብዬ።"

"ከዚያ በፊትስ? ሌሎቹን ሴቶች?"

"እነሱንም ቤተሰብ ደህና ነው ወይ ብዬ።"

የዶክተሩ ቁጣ አያና ላይ ይወርዳል ብሎ ሁሉም ጠበቀ፤ እሱ ግን አያናን አልፎ ተማሪዎቹ ላይ ወረደ። "እናንተስ?" አላቸው ተማሪዎቹን። "እናንተ ይህን ቋንቋ አትሰሙም?"

ካፖርቶቹ ሁሉ ወደ መሬት አዩ። በመጨረሻ ሰጠኝ የሚባል የደብረ ታቦር ልጅ አፉን ከፈተ። "እንሰማለን፣ ዶክተር። ግን የሚፈትኑን እርስዎ ባወቁት ነው። አቶ አያና ያሉትን ብንጽፍ ነው የምናልፈው።"

"ነገ ብቻህን አንድ አውራጃ ስትላክስ? አቶ አያና አብረውህ ይሄዳሉ?"

ዶክተሩ ለአያና "ጠይቃት" አለው። አያና ግን ነውሩን ሁሉ አውጥቶ ከተናዘዘ በኋላ እንኳ ያቺን ጥያቄ መጠየቅ አልሆነለትም። ያን ጊዜ ሰጠኝ ጆሮው ፍም መስሎ ወደፊት መጣ። ጓደኞቹንና ክንዱን ወደ በሩ እንዲያፈገፍጉ ለመናቸው። በርጩማ ስቦ ከአልጋው ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ስሟን ጠየቀ፣ እናቷ በሕይወት እንዳለች ጠየቀ፣ ከዚያም ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጥያቄውን ጠየቃት። ታየች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ቆየችና ከነጠላው ሥር ሦስት ጣቶች አወጣች፤ ሦስት ወር።

ዶክተሩ የተረፈውን መድኃኒት ወስዶ ራሱ ደፋው። ታየች ግን ዓይኗ ከበሩ አልተነቀለም። "ለባሌ እኔው ልንገረው" አለች፤ እነሱም ተዉላት። ምን እንዳለችው አልተሰማም፤ የታየው ክንዱ በቅሎዋን እንደ ታቦት በዝግታ እየሳበ በወገራ መንገድ ሲወጣና ድንጋይ ባየ ቁጥር ዞር እያለ ሲያያት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲያ በተማሪና በበሽተኛ መካከል ማንም እንዳይቆም ታዘዘ። ተማሪው ራሱ በአማርኛ ይጠይቃል፣ ያገኘውን በእንግሊዝኛ ለዶክተሩ ይናገራል፤ ዶክተሩ ከኋላ ቆሞ ይሰማል። አያና አልተባረረም፤ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ "ከምግብ በኋላ፣ በውሃ" እያለ ለሰው እንዲያስረዳ ተደረገ። ከረባቱን ሁለት ሳምንት አላሰረም። በአራዳ በኩል ማለፉንም ትቶ በጓሮ መንገድ ይሄድ ጀመር።

ተማሪዎቹ ግን ነገሩ ያሰቡትን ያህል አልቀለላቸውም። እንደ ፖሊስ ቆመው "ምንህን ነው የሚያምህ?" ይላሉ፤ በሽተኛው "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" ይላል፤ ሌላ ቃል አይወጣውም። ሊሞት የተቃረበው ሁሉ ደህና ነው። ሰጠኝ መላ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። አግዳሚው ድረስ መጥቶ አያና አጠገብ ተቀመጠ።

"አቶ አያና፣ ሰው በሽታውን እንዴት እንደሚደብቅ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ሦስት ዓመት ሲያግዙት የኖሩት እርስዎ ነዎት። በሽተኛ ይሁኑልን። እርስዎን ማናገር ከቻልን ማንንም እናናግራለን።"

"ትቀልዳለህ?" አለ አያና። ግን ቀልድ አልነበረም፤ ዶክተሩም ፈቀደ። አያና በየቀኑ ከእኩለ ቀን በኋላ በሽተኛ ይሆን ጀመር።

ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሰው ነበር። አንድ ቀን ከሕዝብ የተደበቀ ቁስል ያለበት ዲያቆን ይሆናል፣ አንድ ቀን አረቄ አልቀምስም የሚል ጠጪ ይሆናል። የአንደኛ ዓመት ልጆች ሰላምታ ሳይሰጡ ጥያቄ ከጀመሩ ጀርባውን ይሰጣቸዋል። ቆመው ካናገሩት ደህና ነኝ ይላል። ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ጠይቀው፣ ሌላውን ሰው አስወጥተው፣ ዝቅ ብለው ከተቀመጡ ግን ትንሽ ትንሽ ያወጣል። ነጠላ ተከናንቦ ታየችን ሲሆን ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ ከዚያ ሳቁ ይቆማል፣ አንዱ ልጅ በርጩማውን ይስባል። ዶክተሩ መጀመሪያ ጊዜ ይፈጃል ብሎ አጉረምርሞ ነበር። በኋላ የልጆቹ በሽተኞች ማውራት ሲጀምሩ ማጉረምረሙን ተወ፤ ስለ ደጋው አየርም ሁለተኛ አላነሳም።

አያናም ከረባቱን መልሶ አሰረ። ከሐኪም ጎን መቆምን ያህል ክብር ያለው ነገር አይደለም፤ ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለው "አስተምራለሁ" ብሎ ወሬ ይለውጣል። ቤት ሲገባ ግን ለሚስቱ ለአባይነሽ ቀኑን ሙሉ የሆነውን ተነስቶ እየሠራ ያሳያታል። እሷም ምስሯን እየለቀመች ትስቃለች።

አንድ ቀን ወደ ማታ እንደ ልማዱ ታየችን ሆኖ አሳያት። ነጠላዋን ወስዶ ተከናነበ፤ አፉን ሸፈነ፤ ጣቱን አወጣ። አባይነሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"እነዚያ ልጆች ምን ብለው ነው የሚጠይቁህ?" አለችው።

አያና ነጠላውን ከራሱ አወረደ። በርጩማ ስቦ ከእሷ ዝቅ ብሎ ተቀመጠና ድምፁን እንደ ሰጠኝ አለሳለሰ። "እህቴ፣ የወር አበባሽን ካየሽ ምን ያህል ጊዜ ሆነሽ?"

የአባይነሽ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ።

"ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር" አለች።

"መቼ?"

"በተጋባን ዓመት። ከፋሲካ በኋላ እናትህ ቤት ሰው ሁሉ ኮሶ ሲጠጣ። አንተ ነህ ያቀበልኸኝ። ዋጥ አድርጊው ብለህ ስቀህብኝ ነበር።"

አያና ያን ቀን አስታወሰው። ኮሶው መሮኛል ብላ ለሦስት ቀን የተኛች መስሎት ነበር፤ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቦ ቀልዶባታል። ሁለቱ ሴት ልጆቹ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ማን ጠየቀኝ?" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው።

አያና አመካኝቶ ሊያልፍ፣ ወሬ ሊለውጥ፣ ተነስቶ ሊወጣ አሰበ፤ ሁሉንም ለምዶታል። ግን በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ልጆቹ ከዚህ ቀጥለው ምን እንደሚጠይቁ ያውቃል። ያመማት የት እንደነበር ጠየቃት። ማን አጠገቧ እንደነበር ጠየቃት። የት እንደቀበረችው ጠየቃት። አባይነሽ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገችና ነገረችው።